ቢጫው የጌም ማሽን

ኤርጫፎን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የማያውቀው የለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። የእሱንና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። እኔ በዚህ በኩል ስኳርና ሳሙና እሸጣለሁ፣ እሱ በዚያ በኩል ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሲያነጥሰው ከወንበሬ ሳልነሳ "ይማርህ" እለዋለሁ። ስለዚህ እዚህ የምተርከው ሁሉ ወይ በዐይኔ ያየሁት ነው፣ ወይ በቆርቆሮው በኩል የሰማሁት። ሚስቴ ረይሐና "ጀዋር፣ የሰው ጉዳይ አትስማ" ትለኛለች። ጆሮ ክዳን የለውም፣ ምን ላድርግ።

እንደ ኤርጫፎ የሚፈራ ሰው አላየሁም። ሱቁን ቆልፎ ሃያ እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን ይጎትታል፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ። ቴሌቪዥን ጠግኖ ሲያስረክብ "ይሠራል፣ ግን ለዛሬ አጠገቡ አትቀመጡ" ይላል። በዚህች አፉ ስንት ደንበኛ አጥቷል። እጁ ግን እጅ ነው። ከአባያ አሣ አጥማጆች ጀምሮ እስከ ሴቻ መምህራን ድረስ፣ ሌላው ጠጋኝ አይሆንም ብሎ የመለሰውን ይዘው ወደ እሱ ይመጣሉ፤ እሱም እየተጨነቀ ይሠራዋል። "ምን ያስጨንቅሃል?" ስለው "የማያስጨንቅ ነገር አሳየኝና ልረፍ" ይለኛል።

የጭንቀቱ ሁሉ ምንጭ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ ካሴት የሚጎርስ፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው የድሮ የጌም ማሽን ነው። ሲገዛ ነጭ ነበር፣ ጠርዙ ቀይ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ፀሐይ፣ አቧራና የካውያ ጢስ ጠጥቶ የአጫሽ ጥርስ መስሏል። ቀኝ ጥጉ ላይ፣ መብራት በጠፋበት ቀን የተረሳ ሻማ ያቃጠለው ጥቁር ጠባሳ አለው። ደንበኛ "ይሄ ስንት ነው?" ብሎ እጁን ሲሰድ ኤርጫፎ ከወንበሩ ብድግ ይላል። "የሰው ነው" ይላል። የማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

እኔ አውቃለሁ። የታላቅ ወንድሙ የገነነ ነው።

ሁለቱ ከጋሞ ደጋ፣ ከገረሴ የወረዱ ልጆች ናቸው። ገነነ በጭነት መኪና ረዳትነት ሲሠራ፣ በ1994 ዓ.ም. ይህን ማሽን ከመርካቶ ይዞ መጣ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ከእኔ ሱቅ አለፍ ብሎ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተው ጌም ቤት ከፈቱ። ከጫኖ ሙዝ ጭነው የመጡ ጎልማሶች እንኳ ጋሪያቸውን አቁመው ይሰለፉ ነበር። ማሽኑ ግን አንድ ክፉ አመል ነበረው። ካሴቱ የሚገባበት ቦታ ላልቶ ስለነበር ሥዕል አልሰጥም ይላል። መላውን ያገኘው ገነነ ነው። ካሴቱን ሁለቴ እፍ ብሎ ያስገባና፣ በአንድ እጁ የማሽኑን ቀኝ ጥግ ከፍ አድርጎ፣ በሌላው አውራ ጣቱ የካሴቱን ግራ ጫፍ ይጫናል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ይመጣል። ከለቀቁት ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ሲጫወት ከሁለቱ አንዱ ማሽኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ይቀመጣል። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚችል አልነበረም፤ እኔም ሞክሬ አቅቶኛል።

በ1996 ገነነ የሞያሌ መስመር ሹፌር ሆነና ሄደ። ሲሄድ ማሽኑን ለኤርጫፎ በአደራ ሰጠው። "እስክመለስ ሰው እንዳይነካብኝ" አለው። ብዙም ሳይቆይ በሲዲ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ማሽኖች ከተማውን ሞሉት፤ የእነሱን ጌም ቤት የሚረግጥ ጠፋ። ኤርጫፎ ዘጋውና ዕቁቡ ሲደርሰው እኔ አጠገብ የጥገና ሱቅ ከፈተ። ማሽኑን ጠርጎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ወሬ አመላላሽ መቼም አይጠፋም፤ አንዱ ሞያሌ ድረስ ሄዶ ለገነነ "ወንድምህ ማሽንህን ሸጦ ሱቅ ከፈተበት" አለው።

በ1997 ገነነ ስልክ ደወለ። በመስመራችን ስልክ የነበረው እኔ ሱቅ ብቻ ስለነበር ኤርጫፎን ጠርቼ መነጋገሪያውን ሰጠሁት። በጋሞኛ ነው የተነጋገሩት፤ ሰውን ያን ያህል ዘመን ስኳር ሸጬለት ቋንቋውን ካልሰማሁማ ምኑን ነጋዴ ሆንኩ። ገነነ ምን እንዳለው አልሰማሁም። የኤርጫፎ ፊት ሲጠቁር ግን አየሁ። ሌባ ሳይለው አልቀረም። ያ ቁልፉን ሁለቴ የሚጎትት ሰው በዕድሜው አንድ ቀን ደፋር ሆነ። "አዎ፣ ሸጬዋለሁ። ሱቅ ከፍቼበታለሁ። ምን ታመጣለህ?" አለና ስልኩን ዘጋው። ማሽኑ ያኔ ከቆምንበት አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

"ምን ነካህ? ለምን ዋሸህ?" አልኩት።

"ተናደድኩ" አለኝ። ከዚያ እዚያው የስኳር ከረጢቴ ላይ ተቀመጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ቢደውል ገነነ አያነሳ፣ ቢልክ መልስ የለ።

ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ አብረው አልበሉም። በጋሞ ደጋ ማስቃላ፣ የመስቀል በዓል ማለት፣ የቤተሰብ ሁሉ መሰብሰቢያ ነው፤ የተጣላ ሳይታረቅ ከበሬው ሥጋ አብሮ አይቀምስም። ኤርጫፎም በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ሲቀላ ይቀራል፤ ሰው ሁሉ ወደ ደጋ ሲወጣ እሱ ባዶ መንገድ ላይ ሱቁን ከፍቶ ይቀመጣል። እኔም ደንበኛ ስለሌለኝ አብሬው እቀመጣለሁ። በ2003 አባታቸው ሲሞቱ ደግሞ በአንድ ድንኳን ውስጥ አንዱ በዚህ ጥግ፣ ሌላው በዚያ ጥግ ተቀምጠው፣ ለቀስተኛው ለሁለት ተከፍሎ አለቀሰ። እንዲህ ያለው ቂም ጎሜ ይሆናል ይላሉ ደገኞቹ፤ ነውሩ ዞሮ በሰውየው ቤት ላይ ይመጣል ማለታቸው ነው። ኤርጫፎ ጴንጤ ስለሆነ "እኔ በጎሜ አላምንም" ይለኛል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ግን ቀና ብሎ ወደ መደርደሪያው ያያል።

በነሐሴ 2005 መጨረሻ ላይ እህታቸው አገኘሽ ከገረሴ ደወለች። በአባታቸው ቤት የምትኖረው እሷ ናት። ገነነ ለማስቃላ ይመጣል፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ተነጋግረዋል። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ማዳልቾ እንዲህ ብለዋል አለችው፤ "ኤርጫፎ ዕቃውን ሸጦ ከሆነ ሸጥኩ ብሎ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አልሸጥኩም ካለ ዕቃውን ይዞ ይምጣ። ዘንድሮ ካልሆነ ሁለተኛ ሣር ይዘን አንለምናቸውም።" ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በጋሞ ሽማግሌ ለምለም ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ የሚለው የለም፤ ሽማግሌ ሣሩን ከጣለ ደግሞ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

"እንኳን ደስ አለህ፤ ማሽኑ አለ፣ ይዘህ ትሄዳለህ፣ አለቀ" አልኩት።

እሱ ግን ቀና ብሎ ማሽኑን እያየ "በዚህ ፊቱ?" አለኝ።

ኋላ እንዳስረዳኝ፣ እናታቸው ከጎረቤት የተዋሰችውን ገበታ ስትመልስ አጥባ፣ አድርቃ፣ ቅቤ ቀብታ ነበር። የሰው ዕቃ ከወሰዱት ይልቅ አምሮ ይመለሳል፤ ቆሽሾ ከተመለሰ ተንቋል ማለት ነው። "ገነነ ይሄን ቢጫ ነገር ሲያይ፣ አልሸጠውም ግን ጥሎት ነበር ይለኛል" አለ። ተው ብለው የሚሰማ መስሏችኋል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ብሎኖቹን ፈትቶ ማሽኑን ከፈተው። ውስጡን አየሁት፤ ካሴቱ የሚገባበት ቦታ ላይ የላሉት እግሮች በግልጽ ይታያሉ። እኔ ሳሙና ሻጩ እንኳ አወቅኩት።

"ይሄማ ሁለት ጠብታ ሊድ አይበቃውም?" አልኩት።

"ይበቃዋል።"

"ታዲያ በየደው።"

"ሰው እንዳይነካብኝ ብሎኛል" አለ። "እኔ የላዩን ነው የማጥበው። ውስጡ የእሱ ነው።" የውስጡን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ በካርቶን አስቀመጠና የላዩን የፕላስቲክ ልባስ ብቻ ይዞ ወጣ።

በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠበው፤ አቧራው ሄደ፣ ቢጫው ቀረ። በነጭ ጋዝ የድሮ ማጣበቂያ ርዝራዡን አስለቀቀ፤ ቢጫው ቀረ። በበረኪና ነክሮ አሳደረው፤ ጠዋት ሲያየው ይባስ ብሎ ቢጫው የደመቀ መሰለው። ምግብ አስጠላው። እኔ በቆርቆሮው በኩል ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ ረጅም ይስብና ማውጣቱን ይረሳዋል።

የረዳችው ወርቂቱ ናት። ከእኛ ሁለት በር አልፋ ፀጉር ቤት አላት፤ ስታወራ እጇ አይቆምም። ልባሱን አገላብጣ አየችና "ጋሽ ኤርጫፎ፣ እኔ ጋ የሚመጡት ጥቁር ሆነው ገብተው ቢጫ ሆነው ይወጣሉ። የእርስዎ ተገላቢጦሽ ነው" አለችው። "ግን ፀጉር የማነጣበት ክሬም ፎጣዬ ላይ ሲፈስ እንዴት እንደሚያነጣው አውቃለሁ። ፀሐይ ካገኘ ደግሞ ይብሳል።" አንድ ጠርሙስ ሰጠችው። ጓንትም ጨመረችለት፤ ያለ ጓንት ከነካው ጣቱ እንደሚያቃጥለው ነግራዋለች። ይህን ባትነግረው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ጓንቱን በየአምስት ደቂቃው ቀዳዳ አለው ወይ እያለ በውሃ ይፈትሽ ጀመር።

ከሱቆቻችን ኋላ ያለችው ግቢ ውስጥ ሠራው። ክሬሙን በቀለም ብሩሽ ቀባ፣ እንዳይደርቅ በግልጽ ላስቲክ ጠቀለለ፣ ቆርቆሮ ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ አኖረው። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ሲፈልጓት አትጠፋም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን መስከረም ገብቶ ሰማዩ ይዳምናል፣ ይገለጣል፣ ይዳምናል። ኤርጫፎ በርጩማ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ደመና ሲመጣ ይነሳል፣ ሲሄድ ይቀመጣል። አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ስለሚቀላቀሉበት "ጀዋር፣ ፀሐይዋ ሄደ" እያለ ይጠራኛል፤ እኔ ሄጄ የማመጣት ይመስል። ከጣሪያው ላይ ደግሞ ከሐይቁ የሚመጡት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ቁልቁል ያዩታል። "ቢርባቸውስ?" ይላል። አባ ኮዳ ፕላስቲክ አይበላም ስለው "ይበላል አላልኩም፤ ቢርባቸውስ ነው ያልኩት" አለኝ። ደንበኞቹ በር ላይ ቆመው ይመለሱ ነበር፤ እሱ አላያቸውም።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሲመሽ ላስቲኩን ገልጦ ቢያየው፣ ላስቲኩ በተጨማደደበት ሁሉ ነጭ፣ በቀረው ቢጫ ሆኖ፣ የነጭ ሣር የሜዳ አህያ መስሎ ወጣ። ኤርጫፎ አልጮኸም። ቀስ ብሎ አስቀመጠውና "አበላሸሁት" አለ። "ዘጠኝ ዓመት ምንም ያልሆነውን እኔ በአንድ ቀን አበላሸሁት።" እውነቱን ልናገር፣ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት። ለካ ይህ ሰው ማሽን አልነበረም የሚያጥበው፤ ያችን በስልኬ የተናገራትን ቃል ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩለት።

ወርቂቱ ክሬሙን ወፈር አድርጎ፣ ላስቲኩን ሳያስነካ፣ በየሰዓቱ እያዞረ እንዲቀባ መከረችው። አምስት ቀን ፈጀበት። ስስ፣ ወጥ፣ ያማረ ነጭ ሆኖ ወጣ። ነገር ግን ቀዩ ጠርዝ አብሮ ነጥቶ የሕፃን ድድ መሰለ፤ እሱን በወርቂቱ የጥፍር ቀለም በቀጭን ብሩሽ መለሰው። ሻማው ያቃጠለውን ጥግ ደግሞ በማጣበቂያና በነጭ ዱቄት ሞልቶ፣ ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ጣቴን ሳሳልፍበት የት እንደነበር ማግኘት አቃተኝ። ገጣጥሞ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሁለታችንም ቆመን አየነው። ኤርጫፎን ፈገግ ሲል ካየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም፤ ያን ቀን ፈገግ አለ።

ፈገግታው እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ሚስቱ ብርቅዬ ምሳ ይዛለት መጣች፣ ሳህኑን ልታስቀምጥ ስትል ማሽኑን አየችና ቆመች።

"አዲስ ገዛህለት እንዴ?" አለችው።

ኤርጫፎ ማሽኑን ዞር አድርጎ ቀኝ ጥጉን አየ።

"ጥሩ አደረግህ" አለች ደግሞ። "ያ አሮጌው ምን ይረባ ነበር።"

ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ማሽኑ አየ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ በየቀኑ ያየችው ሚስቱ ካላወቀችው ገነነ እንዴት ያውቀዋል? ሸጬዋለሁ ብሎ በአፉ የተናገረ ሰው፣ አዲስ የሚመስል ማሽን ይዞ ሽማግሌ ፊት ሲቆም፣ የሸጠውን ለመተካት ሌላ ገዝቶ መጣ ነው የሚባለው። ገነነ የሚያውቀው ጠባሳ ምስክሩ ነበር፤ ቢጫው ምስክሩ ነበር። ምስክሮቹን በገዛ እጁ ፍቆ ጨረሳቸው። እኔም አንተ ሞኝ ብዬ ልሰድበው አፌን ስከፍት፣ አምስት ቀን ሙሉ "ጎበዝ፣ ነጣ" ስለው የነበርኩት እኔ ነኝ ብዬ ዘጋሁት።

ብርቅዬ ከሄደች በኋላ የክብሪት ድምፅ በቆርቆሮው በኩል ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ሻማ ለኩሶ ወደ ማሽኑ ቀኝ ጥግ እያስጠጋ ነው።

"ምን ልትሆን ነው?"

"እንደነበረ ላድርገው።"

"አዲስ ጠባሳ ማንን ያሳምናል? እፍ በለው!" ብዬ ራሴ አጠፋሁት። "እኔ እመሰክርልሃለሁ። ስልኩ የኔ፣ ቆርቆሮው የኔ፣ ሁሉን ያየሁ እኔ። አብሬህ እሄዳለሁ።"

እንዲህ ሆኖ ነው ከነሽበቴ፣ ሙስሊም ስለሆንኩ ሥጋቸውን የማልበላው ሰው፣ ማስቃላ ለማክበር ገረሴ የወጣሁት። ኤርጫፎ ማሽኑን በጋቢ ጠቅልሎ በጭኑ ይዞ፣ አይሱዙው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እስትንፋሱን ይይዛል። ከታች ሙዙ አለቀ፣ ሙቀቱ አለቀ፣ እንሰቱና ቀርከሃው ጀመረ፣ ብርዱ ገባ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። "ካላመነስ?" ይለኛል። "ያምናል" እለዋለሁ። ሃያ ጊዜ ያህል ከመለስኩለት በኋላ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ።

የአባታቸው ግቢ በሰው ተሞልቶ "ዮ ማስቃላ" እየተባባለ ይሳሳማል። ኤርጫፎ በሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። አገኘሽ እጁን ይዛ አስገባችው። ገነነ ከሽማግሌዎቹ በስተቀኝ ተቀምጧል፤ ወፍሯል፣ ሸብቷል፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠመዝዛል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሣራቸውን ይዘዋል። እኔን ለብቻዬ ቆሎና ማር አቅርበውልኝ ጥግ ላይ አስቀመጡኝ።

አቶ ማዳልቾ "ሸጠሃል ወይስ አለ?" አሉት።

"አለ አባቴ" አለ ኤርጫፎ። "ሸጬዋለሁ ያልኩት በንዴት ነው። ዋሽቻለሁ። ይኸው።" ጋቢውን ፈታው።

በዚያ ጭስ ያጠቆረው ቤት ውስጥ ማሽኑ አበራ። ሴቶቹ "ውይ ሲያምር" አሉ፤ በዚያች ቃል ኤርጫፎ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ገነነ ጎንበስ ብሎ ቀኝ ጥጉን ዳሰሰ፣ ገለበጠው፣ መለሰው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ የኔ አይደለም። አዲስ ነው።"

ተነሳሁ። አጥቦት ነው፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ነው፣ አብሬው ነበርኩ ብዬ ያየሁትን ሁሉ በጋሞኛዬ ተናገርኩ። ገነነ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ጀዋር፣ አከብርሃለሁ፤ ግን ጎረቤት ለጎረቤቱ ይመሰክራል" አለኝ። "የኔን ማሽን እኔ አውቀዋለሁ። ቢጫ ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሰማያዊው ሬዲዮ አጠገብ ያለው..." ብሎ በድንገት አቆመ።

ኤርጫፎ ሱቅ የከፈተው ገነነ ከሄደ በኋላ ነው። ያን መደርደሪያ ገነነ አያውቀውም፤ እግሩ ረግጦት አያውቅም።

"የማን መደርደሪያ ነው ልጄ?" አሉት አቶ ማዳልቾ ቀስ ብለው።

ገነነ ኮፍያውን ጠመዘዘ። ያን ጊዜ ኮፍያውን አወቅኩት። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ጁስ ቤት፣ በረንዳው ላይ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ አንድ ጊዜም ከእኔ የሞባይል ካርድ የገዛ ሰው። ሁሉን አያለሁ ባዩ እኔ፣ ሰውየውን መልስ ሰጥቼ ሸኝቼዋለሁ።

"በመኪና ሳልፍ አየሁት" አለ ገነነ። "ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ መጥቼ ቁጭ ብዬ አየሁት። እንዳልሸጠው ገባኝ። ሌባ ብዬው ነበር፤ ምን ብዬ ልግባ? ወይ ይጠራኝ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። አላየኝም።" ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የገነነ ዝምታ ግን ነቅዞ፣ ነቅዞ፣ ዱቄት ሆኖ ነበር።

"መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው?" አለ ኤርጫፎ።

"በ2002።"

"አባባ በሕይወት ነበር።"

"ነበር።"

ኤርጫፎ ሲቆጣ ያየሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በስልኬ፣ ሁለተኛው ያን ቀን። ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም። "እኔ የዋሸሁት አንድ ቀን ነው" አለው። "አንተ በአባባ ድንኳን ውስጥ እያወቅክ ፊትህን አዞርክብኝ።" ማሽኑን መልሶ በጋቢው መጠቅለል ጀመረ። አገኘሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም እነሆ ሣሩ ሊወድቅ ነው አልኩ።

"ተው፣ አትጠቅልለው" አሉ አቶ ማዳልቾ። "የሰው ቃል ጠገብን። ዕቃው ይናገር። አብሩት።"

አገኘሽ ቴሌቪዥኗን አስጠጋች። ኤርጫፎ ሽቦዎቹን ሲያገናኝ ሁለቴ ሳተ። ካሴቱን አስገብቶ አበራው። ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ዝናብ የሚንጫጫ ነገር ብቻ መጣ። ኤርጫፎ አልነካውም። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ።

ገነነ ትንሽ አየው። ከዚያ ማንም ሳያዘው ተንበረከከ። ካሴቱን ነቀለ፣ ሁለቴ እፍ አለበት፣ መልሶ አስገባው። ቀኝ ጥጉን ከፍ አድርጎ፣ በሌላው አውራ ጣቱ የካሴቱን ግራ ጫፍ ተጫነ። ሥዕሉ መጣ። ያቺ የጌም ቤታቸው ሙዚቃም አብራ መጣች፤ መናኸሪያው አጠገብ ቀኑን ሙሉ ያሰለቸችኝ ሙዚቃ ናት፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"አልበየድከውም" አለ ገነነ።

"አልነካሁትም።"

"አንተ ጠጋኝ ነህ። ሁለት ጠብታ ሊድ ነው።"

"ሰው እንዳይነካብኝ ብለኸኛል" አለ ኤርጫፎ።

የገነነ እንባ ዱብ ዱብ እያለ ነጩ ማሽን ላይ ይወርዳል። አቶ ማዳልቾ ሣሩን በሁለቱ መካከል አስቀመጡ። ገነነ ሁለቱም እጆቹ ማሽኑ ላይ ናቸው፤ ከለቀቀ ሥዕሉ ስለሚጠፋ ዓይኑን መጥረግ አልቻለም። ኤርጫፎ አጠገቡ ተቀመጠና በጋቢው ጫፍ ጠረገለት።